ግራ እግር የማትፈልግ መኪና

ጋራዥ ውስጥ «ችግር የለውም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። ሰውየው ችግሩን አይቶ፣ መርምሮ፣ ከዚያ የለም ቢል ምንም አልልም። አያየውም። ገና የጀመርኩትን ሳልጨርስ «ችግር የለውም» ይለኛል፤ ከዚያ መዶሻውን ያነሳል። ይሄ ቃል ቤታችን ድረስ መጥቶ ምን እንዳደረገ ስለማውቅ ነው እንዲህ የምለው።

እኔ ለመኪና ባዳ አይደለሁም። ቃሊቲ ውስጥ የአንድ የጭነት ድርጅት የመለዋወጫ ስቶር ኃላፊ ነኝ። የኩሽኔታ ቁጥር በቃሌ አውቃለሁ። የትኛው ጓርኒሲዮን ለየትኛው ሞተር እንደሚሆን ካርቶኑን ሳልከፍት እናገራለሁ። ነገር ግን ጋራዥ ስገባ ወንዶቹ የሚያዩት ምሳ ያመጣች ሴት ነው። «ምን ፈልገሽ ነው እህቴ?» ይሉኛል፤ መልሱን ሳይሰሙ የምቀመጥበት ይፈልጉልኛል። መቀመጫውን አልፈልግም። እንዲሰሙኝ ነው የምፈልገው።

ነገሩ የአባቴ መኪና ነው። አሜሪካ ሠራሽ ናት፤ ባለ ሁለት በር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ አፍንጫዋ ረጅም። ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል። አባዬ በወጣትነቱ በሹፌርነት ያገለገለው አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ለእሱ ትቶለት የሄዳት ናት። ድሮ ቀይ ነበረች፤ አሁን ኮፈኗ ፀሐይ በልቶት ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ ለመናገር ያስቸግራል። አቃቂ ውስጥ ግን አሁንም ቤታችንን ለሰው ሲያሳዩ «ቀይዋ መኪና ያለችበት ግቢ» ነው የሚሉት።

ከወሎ መጥቶ ፈረንጁን ካገለገለ በኋላ የአባዬ እንጀራ ተሳቢ መኪና ነበር። መጀመሪያ አሰብ፣ በኋላ ጅቡቲ ተመላልሷል። ተሳቢ የሚነዳ ሰው ግራ እግሩ ዕረፍት የለውም። ዳገቱ በመጣ ቁጥር ፍሪሲዮን ይረገጣል፣ ማርሽ ይቀየራል፤ ቁልቁለቱ በመጣ ቁጥር እንደገና ይረገጣል። ቤቱ ሲመጣ የሚነዳት የራሱ መኪና ግን አውቶማቲክ ናት። ፍሪሲዮን የሚባል ነገር የላትም። አንድ እግር ብቻ ነው የምትፈልገው፤ ነዳጅና ፍሬን በቀኝ፣ በቃ። «ግራ እግሬ ጡረታ የሚወጣው እዚህች ውስጥ ነው» ይል ነበር፤ ጁምዓ ሰግዶ ሲመለስ እኛን ጭኖ እስከ ዱከም ደርሶ እየመጣ። መንዳት ያስተማረኝም በእሷ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ሊነሳ ሲል ግራ ጎኑ እምቢ አለው። ስትሮክ ነው ተባለ። ቀስ በቀስ አንደበቱ ተመለሰ፤ እጁም ተመለሰ። ግራ እግሩ ግን በግማሽ ነው የተመለሰው። ይቆምበታል፣ ከዘራ ይዞ ይራመድበታል፤ ተጫን ሲለው ግን አይጫንም። ፎጣ መሬት ላይ ጥለን በእግሩ ጣት እንዲጫነው ሐኪሙ ያዝዘው ነበር። ፎጣው አይነቃነቅም። አባዬም አንገቱን ደፍቶ ፎጣውን ያየዋል። እነዚያን ቀኖች የማውቃቸው እኔ ብቻ ነኝ፤ ሐኪም ቤት የማመላልሰው እኔ ነበርኩና። በግራ ጎኑ ቆሜ፣ ክንዴን በብብቱ ሥር አስገብቼ፣ አንድ ሁለት ሦስት ብለን አብረን እንነሳለን።

መኪናዋ ከእሱ ጥቂት ቀደም ብላ ነው የቆመችው። ማርሽ የሚቀይርላት ካምቢዮዋ መንሸራተት ጀመረ። ነዳጅ ሲሰጣት ሞተሯ ይጮሃል፣ ጎማዋ ግን አይሄድም። ከሥሯ ቀይ ዘይት ታንጠባጥብ ነበር። ግቢያችን ጥግ ሸራ ለብሳ ተቀመጠች።

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ሐኪሙ፣ ወጣት ልጅ ነው፣ «አባቴ፣ ይሄን ሁሉ እንቅስቃሴ የሚሠሩት መጨረሻ ላይ ምን ለማድረግ ፈልገው ነው?» ብሎ ጠየቀው። አባዬ አላሰበም። «መንዳት» አለ። ልጁ ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። ዓይኑን አየለት፣ አንገቱን አዟዟረው፣ ቀኝ እግሩን አስረገጠው፣ እጁን አስጨበጠው። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «ቀኝዎ ደህና ነው። ዓይንዎም ደህና ነው። ግራ እግር የማትፈልግ መኪና ካለችዎት፣ ሰው አጠገብዎ ተቀምጦ፣ እዚያው ሰፈርዎ ውስጥ ቀስ ብለው ይሞክሩ።»

አባዬ ሐኪሙን ሳይሆን እኔን አየኝ። «አለችኝ» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው ተለወጠ። እየለመንኩ የማሠራውን እንቅስቃሴ እኔ ሳልነሳ መሥራት ጀመረ። ከቤቱ ደጃፍ እስከ ግቢው በር ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ በየመሀሉ ሸራዋን ገልጦ መሪዋን ያያል። አንድ ጠዋት ሹራቡን አጥልቆ ከሸራዋ ሥር መስተዋቷን ሲወለውል አገኘሁት። ከስትሮኩ በኋላ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ለወንድሜ ደወልኩለት። ታናሼ ነው፤ ገልባጭ ይነዳል፣ አሸዋና ጠጠር ያመላልሳል። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ሐኪሙ ያለውን አንድ በአንድ ነገርኩት። ግራ እግሩ ስለማይጫን ፍሪሲዮን የሌላት መኪና ትሁን ማለቱን ነገርኩት። የመኪናዋን ካምቢዮ ለመጠገን የሚያስፈልጉትን የጎማ ማሸጊያዎችና ዲስኮች የያዘ ካርቶን ውጭ አገር እንደሚሸጥ አግኝቻለሁ፣ የሥራ ባልደረባዬ ዘመድ በሁለት ወር ውስጥ ይዞልን ይመጣል አልኩት። በእሱ ጆሮ የገባው ግን «አባዬ ሊነዳ ነው» የሚለው ብቻ ነው።

«ሁለት ወር!» አለኝ። «ወላሂ አንቺ ነገር ታረዝሚያለሽ። እኔ የማውቃቸው መካኒክ አሉ፤ በሁለት ሳምንት ያስነሷታል።»

ሰኞ እኔ ሥራ ሳለሁ በገመድ ጎትቶ ወሰዳት። ማታ ስመለስ ግቢው ጥግ ላይ የተጣጠፈ ሸራ ብቻ ነው የጠበቀኝ። አባዬ ከደጃፉ ተቀምጦ «ልጄ ወሰዳት፣ ካምቢዮዋ ሊሠራ ነው» አለኝ፤ ፊቱ በርቶ ነበር። ምን ልበል? ካምቢዮው ከተሠራ ማን ሠራው አልልም ብዬ አፌን ዘጋሁ።

ጋራዡ ቃሊቲ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ነው። ቅዳሜ የግማሽ ቀን ሥራዬን ጨርሼ ሄድኩ። መካኒኩ ስድሳ ዓመት የሞላቸው፣ ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ የሚላቸው ሰው ናቸው። በጭነት መኪና ሥራቸው እንከን አይወጣላቸውም፤ እሱን አልክድም። አውቶማቲክ ካምቢዮ ግን በሕይወታቸው ፈትተው አያውቁም። አላውቅም ማለት ደግሞ በዚያ ጋራዥ ነውር ነው። ስለዚህ አላውቅም በማለት ፈንታ «አውቶማቲክ የሰነፍ ካምቢዮ ነው፤ እናውጣውና የወንድ ካምቢዮ እንግጠምላት» አሉ። ወንድሜም «እንግጠም!» አለ።

ስደርስ መኪናዋ አራት ድጋፍ ላይ ተሰቅላለች። ከሥሯ ከአንድ ያረጀ ቀላል የጭነት መኪና የወጣ ካምቢዮ ተንጠልጥሏል። ከሞተሯ ጋር ስለማይገጥም ቶርኖ ቤት ወፍራም የብረት ሰሃን አስቀርጸው በመሀል አስገብተውለታል። የጋቢናዋን ወለል በመጋዝ ቀደውታል፤ የማርሽ ዘንግ እንዲወጣበት። ፍሬኑ አጠገብ አዲስ መርገጫ በይደዋል። ፍሪሲዮን። የአባቴ ግራ እግር ጡረታ በወጣበት ቦታ ላይ ፍሪሲዮን በይደዋል!

ማርሚታውስ? አዲሱ ካምቢዮ ሰፊ ስለሆነ የጭስ ቧንቧው የሚያልፍበት አጣ። ቧንቧውን ቆርጠው በጎንና በጎን አዞሩት፤ ካዞሩት አይቀር ብሎ ወንድሜ ማርሚታዎቹን ሁለቱንም አስወለቃቸው። ማርሚታ የተሠራው ድምፅ ለማፈን ነው። ወንድሜ እንዲታፈን አልፈለገም። «ከድልድዩ ማዶ ስትመጣ አባዬ እንዲሰማት ነው» አለኝ፣ እጁ ጥላሸት በጥላሸት ሆኖ፣ እንደ ሕፃን እየሳቀ።

እኔ ግን መሬቱን ነበር የማየው። ቡሎን፣ ዳዶ፣ የተቆረጠ ቧንቧ። የወጣው ካምቢዮ የለም።

«አሮጌው የታለ?» አልኩ።

«የቱ?» አሉ መካኒኩ።

«ከእሷ የወጣው ካምቢዮ።»

መካኒኩ ወንድሜን አዩት፤ ወንድሜ መሬት አየ። ያኔ ገባኝ። በእነዚህ ጋራዦች የወጣ ዕቃ የጋራዡ ነው። የትም አልተጻፈም፣ ማንም ግን አይስተውም። ባለመኪናው አዲሱን ይዞ ይሄዳል፤ የወጣው ጥግ ይጣላል፤ ቆራሌው ሲመጣ ሠራተኞቹ ይሸጡለትና የሻይ ያደርጉታል። እኔ ስቶር ውስጥ አሮጌውን ሳይመልስ አዲስ ዕቃ የሚወስድ ሰው የለም፤ ማንም ቢለምነኝ አልሰጥም። ዕቃ ሲሳሳት መመለሻ መንገድ ይኑረው ብዬ ነው። እነዚህ ግን መመለሻውን በኪሎ ሸጡት።

«ጋሼ» አልኩ። አንቱ እያሉ መቆጣት እንዴት ከባድ እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። «ጋሼ፣ አባቴ ግራ እግሩ አይጫንም። ስትሮክ መቶታል። ፍሪሲዮን መርገጥ አይችልም። ይሄን ማንም አልነገረዎትም?»

«ነግሮኛል ልጅሽ… ወንድምሽ ማለቴ ነው፣ ትንሽ ደከም ብሏል ብሎኛል። ችግር የለውም። የሹፌር እግር አይረሳም።»

«መርሳት አይደለም! አይታዘዝም ነው የምልዎት። ፎጣ መግፋት ያቃተው እግር ነው።»

«ችግር የለውም አልኩሽ እኮ። ላላ አድርጌ እሠራዋለሁ። ይልቅ ተቀመጪ፣ ሻይ ይምጣልሽ።»

ወንድሜ ክንዴን ይዞ ወደ ጎን ወሰደኝ። «ሰርፕራይዝ ነው፣ እንዳታበላሺብኝ። መሪውን ሲይዝ እግሩ ራሱ ይነሳል። ታያለሽ።» እንባዬ መጣ። ከንዴት ነው። ወንድሜ ደግሞ የደስታ መሰለውና አቀፈኝ። በእጁ ያለው ግሪስ ሻርፔ ላይ ቀረ።

ከዚያ ወጥቼ በባጃጅ ወደ አቃቂ በረርኩ። የጋራዡ ዕቃ የሚሸጥለት የቁርጥራጭ ነጋዴ እዚያ መስመር ላይ ግቢ አለው ብለው የጋራዡ ልጆች ነግረውኝ ነበር። ስልጤ ነው፤ ጨዋ፣ ረጋ ያለ ሰው። የምፈልገውን ስነግረው አላሾፈብኝም። ስለ አባቴ እግር ሳልጠየቅ ተናገርኩ፤ አፌን ማቆም አልቻልኩም። ሰውየው አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝና «ነይ እህቴ» ብሎ ወደ ጓሮ ወሰደኝ።

አገኘሁት። በሁለት ክምር ነው ያገኘሁት። የካምቢዮው ገላ አልሙኒየም ነው፣ ውስጡ ብረት። አልሙኒየሙ ድስት ለሚሠሩት ይሄዳል፣ ብረቱ ቀልጦ ፌሮ ይሆናል፤ ስለዚህ ሲገዛ መጀመሪያ በመዶሻ ሰባብሮ መለየት ነው። ግራ ጎኑ ያለው ክምር ላይ የገላውን ስብርባሪ አወቅኩት፤ አባዬ ድሮ በምስማር የጫረው ምልክት ነበረበት። የቀኙ ክምር ላይ ጥርሶቹ ዘይት እንደለበሱ ተበታትነዋል።

«ትናንት ከሰዓት ነው የተመታው» አለኝ ነጋዴው። «ትናንት ጠዋት ብትመጪ ኖሮ ለአንቺ ብዬ አስቀምጥልሽ ነበር።» አምነዋለሁ። ከዚያ ሁሉ ወንድ ንግግሬን መሀል ላይ ሳያቋርጥ የሰማኝ እሱ ብቻ ነው፤ የሚሰማኝ ሰው ያገኘሁት ደግሞ ዕቃው ከተሰበረ በኋላ ነው።

አሁን ወደማልወደው ክፍል ደረስኩ።

በማግስቱ አባዬ ከግቢው በር ተመልሶ ተቀመጠና እግሩን እያሸሁለት ሳለ «ሄደሽ ነበር አሉ ጋራዥ» አለኝ።

«ሄጄ ነበር።»

«ምን ላይ ደረሱ?»

«እየሠሩ ነው።»

አባዬ ዕድሜውን ሙሉ መካኒክ ያየ ሰው ነው፤ መካኒክ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። «ራሱን ነው የሚሠሩት? የእሷኑ ካምቢዮ?» አለኝ።

ያኔ መናገር እችል ነበር። አባዬ፣ አውጥተው ጥለውታል፣ ፍሪሲዮን በይደውባታል፣ ተስፋ አታድርግ ማለት እችል ነበር። አንጀቴ አልቻለም። ጠዋት ሦስት ጊዜ እስከ በሩ ተመላልሶ ላቡ ገና አልደረቀም። ይሄን ከነገርኩት ነገ አይነሳም ብዬ ፈራሁ። ወንድሜም እንዳታበላሺብኝ ብሎኛል። ደግሞ ማን ያውቃል፣ ላላ አድርገው ይሠሩት ይሆናል፣ እግሩም ይነሳ ይሆናል ብዬ፣ ያንኑ ስሰድበው የከረምኩትን የጋራዥ ወሬ ለራሴ አወራሁለት።

«አዎ አባዬ፣ ራሱን ነው» አልኩት።

«አልሐምዱሊላህ» አለና እግሩን ዘረጋልኝ።

ያቺን አልሐምዱሊላህ እስካሁን ትሰማኛለች።

ሁለት ሳምንት ያሉት አምስት ሳምንት ሆነ። አንድ ጁምዓ፣ ከሶላት በኋላ፣ ትመጣለች ተባለ። ወንድሜ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ ነበር። የአክስቴ ልጅ ስልኩን ለቪዲዮ አዘጋጅቶ ቆመ። አባዬ ጠዋት ፂሙን አስተካክሎ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን በራሱ እጅ አጥልቆ ከዘራውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ወንበር ሳመጣለት እምቢ አለኝ።

ወንድሜ እንዳለው ከድልድዩ ማዶ ነው የሰማናት። ማርሚታ የለ ምን የለ፣ ድምፁ እንዳለ ይመጣል። ፋብሪካ የሚነሳ መሰለ። የጎረቤት ሕፃን ደንግጦ አለቀሰ፤ ልጆቹ ወደ አስፋልቱ ሮጡ። የአባዬ ፊት በራ። «ሞተሯ ደህና ናት» አለ፣ ጆሮውን ወደዚያ አዙሮ። «ስምንቱም እየሠሩ ነው።»

ከዚያ ከአስፋልቱ ታጥፋ ወደ እኛ ዳገት ገባች። ድምፁ እየወጣ፣ እየወጣ መጣና ድንገት ወረደ። ለአንድ አፍታ ነው። ወዲያው ከታች ጀምሮ እንደገና ወጣ።

«ማርሽ ቀየረ» አለ አባዬ።

ለማንም አልነበረም የተናገረው። ያቺን አፍታ አርባ ዓመት ሙሉ በአሰብና በጅቡቲ መንገድ ሲሰማት ኖሯል። እግር ፍሪሲዮን ላይ የሚሆንባት አፍታ ናት። አውቶማቲክ መኪና እንደዚያ አትተነፍስም። ማርሚታው ቢኖር ኖሮ ምናልባት ድምፁ ይድበሰበስ ነበር፤ አውልቀውታልና አንድም አላመለጠውም። ከዘራውን አጥብቆ ያዘና ዞሮ አየኝ። እኔ የጎረቤቱን የቆርቆሮ አጥር እያየሁ ነበር።

መኪናዋ በሩ ላይ ቆመች። ወንድሜ ዘሎ ወረደና በሩን እንደከፈተ ያዘ። «አባዬ ግባ! ያንተ ናት ግባ!» ጎረቤት አጨበጨበ። መካኒኩ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው በሌላኛው በር ወረዱ። ሁሉንም፣ አጨብጫቢውን ጨምሮ፣ እዚያው ብነክሳቸው ደስ ባለኝ።

አባዬ እምቢ ማለት ይችል ነበር። አላለም። መጀመሪያ ተቀመጠ፣ ቀኝ እግሩን አስገባ፣ ከዚያ ግራውን በሁለት እጁ ሱሪውን ይዞ አነሳና አስገባው። ወደ ታች አየ። ሦስት መርገጫ። ጥቂት አያቸው። ከዚያ ግራ እግሩን እንደገና በእጁ አንስቶ የመጀመሪያው ላይ አስቀመጠው።

«ተጫነው አባዬ፣ ለስላሳ ነው» አለ ወንድሜ።

አልተነቃነቀም። አባዬ መዳፉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በእጁ ገፋው። መርገጫው ግማሽ ድረስ ወረደና እግሩ ወደ ጎን ተንሸራትቶ ወደቀ። አነሳው፣ መለሰው፣ ገፋው። ወደቀ። ሦስተኛ ጊዜ አነሳው። ማጨብጨቡ ቆሟል፤ የሚሰማው ያ የተረገመ የጭስ ቧንቧ ብቻ ነው። ሦስተኛው ላይ ጫማው ወልቆ ከመርገጫው ሥር ቀረ።

ቁልፉን ራሱ አዙሮ አጠፋት።

«ችግር የለውም፣ ይለምዱታል» አሉ መካኒኩ።

«አላህ ይስጣችሁ፣ ለፍታችኋል» አለ አባዬ፣ በካልሲ እግሩ እንደተቀመጠ። ወንድሜ ጫማውን ሊያወጣ ጎንበስ ብሎ ነበር፤ ጎንበስ እንዳለ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያኔ ነው የገባው።

እኔም ፈነዳሁ። አምስት ሳምንት ያመቅኩትን ሁሉ እዚያ በር ላይ አወጣሁት። አንቱም ጋሼም ቀረ። ተናግሬ ነበር አልኩ። እግሩ አይጫንም ብዬ ነበር፣ ሁለት ወር ጠብቁ ብዬ ነበር፣ አሮጌውን አትጣሉ የሚል ሰው እንኳ ከመሀላችሁ አልነበረም፣ ዛሬ የአባቴ ካምቢዮ የሰው ወጥ እየተሠራበት ነው አልኩ። መካኒኩ ወደ ኋላ ሸሹ። ጎረቤቶቹ አንድ ሁለት እያሉ ወደየቤታቸው ሄዱ። ስናገር ደስ አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ አለኝ። ልክ ነበርኩ፣ ሁሉም ተሳስተው እኔ ብቻ ልክ ነበርኩ።

«አንቺ» አለ አባዬ።

ወደ እሱ ዞርኩ።

«ራሱን ነው ወይ ብዬሽ ነበር።»

«አዎ አባዬ።»

«ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«እሱ ሐኪሙ ጋ አልነበረም» አለ፣ ወንድሜን በአገጩ እያሳየ። «አንቺ ነበርሽ። ቀድሜ ባውቅ ሰው ፊት አልገባም ነበር።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ መልስ ነበረኝ። ለመካኒኩ ተናግሬያለሁ። ለወንድሜ ተናግሬያለሁ። ስሙን እንኳ ለማላውቀው የቁርጥራጭ ነጋዴ ተናግሬያለሁ። ያልተናገርኩት ለባለ እግሩ ብቻ ነው። እኔ ነኝ ስለ እግሩ የምጮኸው፤ እሱን ግን እኔም እንደነሱ አልጠየቅኩትም።

ላነሳው ጠጋ አልኩና ክንዴን በግራ ብብቱ ሥር ላስገባ ጎንበስ አልኩ። አባዬ ክንዱን ከጎኑ ጋር አጥብቆ ያዘው።

«ወንድምሽ ያንሳኝ» አለኝ።

ወንድሜ እንባውን በእጅጌው ጠርጎ መጣ። አባዬን አንስቶት አያውቅም፤ በየት በኩል እንደሚቆም እንኳ አያውቅም። በቀኙ በኩል ዞሮ፣ ደህናውን ክንድ ይዞ ጎተተው። አባዬ በግራው ተንገዳግዶ የመኪናዋን በር ተደገፈ፤ በዚህ በኩል ሁን አላለውም። እንደያዘው ተያዘለትና፣ አንድ ጫማውን ብቻ አድርጎ፣ ወደ ቤት ገባ።